የጥጥ ፋብሪካው አምበል

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እሑድ። የቃና ዘገሊላው ሚካኤል ከገባ ገና አንድ ማደሩ ነው፤ አዲስ አበባ ከበዓል ወደ በዓል ተሸጋግራለች። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ንጉሠ ነገሥቱ በክብር ቦታቸው ተቀምጠዋል። ሜዳው ላይ ኢትዮጵያና ግብፅ የ3ኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ይጫወታሉ። ግብፅ በዚያ ዘመን የተባበረችው የዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር፤ ሶሪያ ከኅብረቱ ከወጣች ወራት ቢያልፉም ካይሮ ስሙን አልተወችውም። ከዚያ በፊት የተካሄዱትን 2 ዋንጫዎች የበላችው እሷ ናት፤ ሦስተኛውንም ይዛ ለመሄድ ነው የመጣችው። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ አብደል ፈታህ የመጀመሪያውን ጎል አገባ።

ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ለረዥም ጊዜ ከኋላ ሆና ቆየች። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ስታዲየሙ ፈነዳ። ሰው ጮኾ ሳይጨርስ፣ በ75ኛው ደቂቃ፣ ያው በደዊ ደገመና 2 ለ 1 ሆነ። እንዲህ ያለ ጎል ቡድን ይሰብራል። አቻ የሆንክ መስሎህ መተንፈስ ስትጀምር ነው የሚመታህ። የኢትዮጵያ ልጆች ግን አልተሰበሩም። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ኳሷን መረብ ላይ አሳረፋት፤ 2 ለ 2።

አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል። ዕድሜው 26 ነው። የትውልድ ከተማው አስመራ፣ የሚጫወትበት ክለብ ደግሞ ከአዲስ አበባም ከአስመራም ርቆ፣ በምሥራቁ ቆላ፣ ከአንድ ጥጥ ፋብሪካ ጋር የተሳሰረ ነው፦ የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር።

የዚህን ተጫዋች የኳስ ዘመን ለመረዳት ከጎሎቹ ይልቅ ከፋብሪካው መነሳት ይሻላል። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሳው የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን የአፍሪካ ዋንጫ በተበላበት ዘመን የአገሪቱ የኳስ ዋና ከተማ አዲስ አበባ አልነበረችም። ድሬዳዋ ነበረች።

ይህን የሚሉት የድሬ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ የሻምፒዮኖቹ ዝርዝር ራሱ ይናገራል። የኢትዮጵያ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1944 ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ 5 ነበሩ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ከዚያ የጦር ሠራዊቱ ቡድን ለዓመታት ነገሠ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሻምፒዮናው ወደ ሰሜን ሄደ፤ ሐማሴን፣ አከለ ጉዛይ፣ የአስመራው ቴሌ በየተራ ወሰዱት። ከዚያም ዋንጫው ድሬዳዋ ወረደና መውጣት እምቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 ጥጥ ማኅበር፣ በ1961 ኢትዮ ሲሚንቶ፣ በ1962 እና በ1963 እንደገና ጥጥ ማኅበር፣ በ1964 ኢትዮ ሲሚንቶ፣ በ1965 ጥጥ ማኅበር። 6 ዓመት፣ 6 ዋንጫ፣ 2 ፋብሪካ፣ አንድ ከተማ።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ ከባቡሩ ይጀምራል።

ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስባት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው መስመር ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር፤ ተራራው አልተመቸም። መሐንዲሶቹ ሐዲዱን ከተራራው ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሞቃት ሜዳ ላይ አሳለፉት። አዲስ አበባ ለመድረስ ገና 15 ዓመት ቀርቶት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ዕቃና ሰው ሁሉ የሚራገፈው ድሬ ላይ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ፈረንሳዮቹ በገመድ ለክተው ያወጡት ከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ ጠመዝማዛው መጋላ ተመሠረቱ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው በአንድ ገበያ ተገናኘ። እስከ ዛሬ ድረስ የድሬ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር 3 ቋንቋ ቀላቅሎ ቢናገር የሚገረም የለም።

ሐዲድ ባለበት ፋብሪካ ይተከላል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶና የጥጥ ፋብሪካዎች ድሬዳዋ ላይ ተሠሩ፤ ሲሚንቶው በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ወራሪው ሄደ፣ ፋብሪካዎቹ ቀሩ። የምድር ባቡሩ የጥገና ጋራዥም ነበረ። እንግዲህ በአንዲት መካከለኛ ከተማ ውስጥ በደመወዝ የሚኖር፣ በሰዓት ገብቶ በሰዓት የሚወጣ፣ እሑድ የራሱ የሆነ ብዙ ወጣት ተሰበሰበ። ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር ነበር። ገበሬው እሑድን የሚያውቀው በቤተ ክርስቲያን፣ ነጋዴው በገበያ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሠራ ማሰብ ነበረበት። ኳስ መጣችለት።

ፋብሪካዎቹም ፈለጓት። ቡድን ማቋቋም ለባለፋብሪካው ስም ነው፤ ለሠራተኛው ኩራት። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ለጨዋታ ብቻ ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች አልነበረም። የሚሰጠው ሥራ ነው። ጎበዝ አማካይ ከሌላ ከተማ ሲመጣ ቋሚ ገቢና የሚያድርበት ቤት ያገኛል፤ በምትኩ እሑድ ማሊያ ይለብሳል። የድሬዳዋ ፋብሪካዎች ይህን ከማንም በፊት አወቁበት። አዲስ አበባ ላይ ክለብ ማለት ሰፈር፣ ማኅበረሰብ ወይም የጦር ክፍል በሆነበት ጊዜ ድሬ ላይ ክለብ ማለት እንጀራ ነበር። እንጀራ ያለው ክለብ ደግሞ ተጫዋች አይጠፋበትም።

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በሰሜን እንግሊዝ፣ በማዕድን ጉድጓዶችና በጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎች አገር፣ ራግቢ ለሁለት የተከፈለው በዚሁ ምክንያት ነው። ቅዳሜ ለመጫወት ከሥራ የቀረ ሠራተኛ የጠፋበት የቀን ሒሳብ ይካስለት ወይስ አይካስለት? የደቡቡ ሀብታሞች አይካስም አሉ። የሰሜኑ ክለቦች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1895 ሃደርስፊልድ ላይ ተሰብስበው ተገነጠሉ፤ ከዚያ መገንጠል ነው ራግቢ ሊግ የተወለደው። ግማሽ ምዕት ዓመት ቆይቶ፣ በዚያው ጨዋታ ከነገሡት አንዱ ቢሊ ቦስተን ይባላል። የተወለደው ሉቺያኖ ሊወለድ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1934፣ በዌልስ የወደብ ከተማ በካርዲፍ። አባቱ ከሴራሊዮን የመጣ መርከበኛ፣ እናቱ አየርላንዳዊ የዘር ግንድ ያላት የካርዲፍ ሴት። በ1953 የጥጥና የድንጋይ ከሰል ከተማ ወደሆነችው ዊጋን ሄደና በጠቅላላ የተጫዋችነት ዘመኑ 571 ጊዜ አስቆጠረ። በ2025 የብሪታንያ ንጉሥ የ“ሰር” ማዕረግ ሲሰጠው ከራግቢ ሊግ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ሆነ። ሁለቱ ሰዎች እንደተገናኙ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ሁለቱም ግን የአባታቸው አገርና የእናታቸው አገር የተለያየባቸው ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም ከትውልድ ከተማቸው ርቀው በጥጥ ከተማ ስም አወጡ። ወደ ቦስተን በኋላ እንመለሳለን፤ ደቡብ አፍሪካ ስትነሳ ያስፈልገናል።

ሉቺያኖ የተወለደው ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. አስመራ ነው፤ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ሊወርር ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ። በዚያን ጊዜ አስመራ ከጣሊያን የመጣ ወታደርና ሠራተኛ ሞልቷት ነበር፤ ብዙዎቹ ከአገሬው ሴት ጋር ጎጆ ቀለሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፋሺስቱ መንግሥት ይህን ዓይነት ኑሮ በሕግ ከለከለ። በ1940 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ ማስመዝገብ ተከለከለ። አንድ ትውልድ ሕፃን አባቱ በሕይወት እያለ አባት አልባ ሆነ። ጣሊያኖቹ እንደ አፍሪካዊ፣ አገሬው እንደ ጣሊያን ያየዋል። ከሁለቱም ወገን ስድብ አለ።

ሉቺያኖ ያደገው በዚህ መሃል ነው። የእናቱ እጅ አጭር ስለነበር ገና በልጅነቱ ሥራ ያዘ፤ ሙያው መካኒክነት ሆነ፣ ይህ ሙያ ኋላ በስደት አገር ያኖረዋል። በስተርጅናው በጣሊያንኛ ላሳተመው የሕይወት ታሪኩ የሰጠው ርዕስ “እማማ፣ ገንዘቡ ይኸው” ማለት ነው። ስለ ዋንጫም ስለ ንጉሥም አይደለም፤ አንድ ልጅ ያገኘውን ለእናቱ ስለማስረከቡ ነው። አንድን የኳስ ሰው ከዚህ በተሻለ የሚገልጸው ርዕስ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ኳስን በቁም ነገር የጀመረበት ስቴላ አስማሪና የክልስ ልጆች ቡድን ነበር። አስመራ በዚያ ዘመን ከአፍሪካ ቀንድ ከተሞች ሁሉ በኳስ የበሰለች ናት፤ ሜዳው፣ ሊጉ፣ ዳኛው፣ ደጋፊው ነበራት። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ መሮጥም ሳንባ ያሰፋል። እዚያ ላይ የተገራው ሉቺያኖ ከርቀት አጥብቆ የሚመታ፣ ኳስ የሚያከፋፍል፣ ፍፁም ቅጣት ምት የማይፈራ አማካይ ሆኖ ወጣ። ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ካይሮ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ስትሸነፍ የቡድኑ አባል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ድሬዳዋ የጠራችው። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም ያው መንገድ ያዘ።

ከአስመራ ደጋ ወደ ድሬ ቆላ መውረድ ለኳስ ተጫዋች ቀላል ነገር አይደለም። በበጋ እንኳ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የድሬ ሜዳ እግር ያቃጥላል። ለዚህ ነው ከተማዋ ከቀትር እስከ አመሻሽ የምትተኛው። ጥጥ ማኅበርን በሜዳው ማሸነፍ ያቃታቸው የደጋ ቡድኖች ፀሐዩንም ቢያማርሩ እውነት አላቸው። ዋንጫው ግን በፀሐይ ብቻ አይገኝም። ቡድኑ አዲስ አበባ ወጥቶም ያሸንፍ ነበር። ሉቺያኖ በዚያ ማሊያ 4 ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል።

የከተማዋ ገጠር ከዚህ ሁሉ የራቀ አልነበረም። ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር አካባቢዎች አንዱ ቢዮ አዋሌ ነው፤ ዋሂል፣ ጀልዴሳና አስሊሶም አሉ። ማሽላውንና ፍየሉን ይዞ ቀፊራ ገበያ የሚወርደው ገበሬ በዚያ ዘመን የከተማዋን ወሬ ሁሉ ተሸክሞ ይመለስ ነበር። የፋብሪካ ውጤት የሆነው አቡጀዲና የእሑዱ ጨዋታ ውጤት በአንድ አህያ ወደ ገጠር ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጆቹ የሚያለብዷት የጨርቅ ኳስም ቢሆን ጨርቁ ከየት እንደመጣ አያነጋግርም።

ወደ ስታዲየሙ እንመለስ።

ኢትዮጵያ ወደዚያ ፍጻሜ የገባችው ከሳምንት በፊት፣ ጥር 6 ቀን፣ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ነው። ያም ጨዋታ 2 ለ 0 ከመመራት የተነሳ ነበር። በ32ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ፍፁም ቅጣት ምት አገባና በሩን ከፈተው፤ ግርማ ተክሌ አንድ፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ሁለት ጨመሩ። ስለዚህ በፍጻሜው ሁለት ጊዜ ከኋላ መነሳት ለዚህ ቡድን አዲስ አልነበረም። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ራሳቸው የጊዮርጊስ አጥቂ የነበሩ፣ የአገሪቱን ስፖርት ከመሠረቱት፣ ኋላም ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩት ሰው።

ያ 11 ተሰላፊ ስም በስም ቢጠራ ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከ3 ስም በላይ አያስታውስምና። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም፤ ከፊቱ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረመድኅን፤ ከዚያ ግርማ ተክሌ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሁለቱ ቫሳሎዎችና ጌታቸው ወልዴ። አብዛኞቹ የኤርትራ ልጆች ናቸው። ያ ዓመት ደግሞ ለኤርትራ ከባድ ዓመት ነበር፤ የትጥቅ ትግሉ የመጀመሪያ ተኩስ በአዳል ተራራ ከተሰማ 4 ወር አልፏል፣ የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ሊፈርስም 10 ወር ቀርቶታል። ሜዳው ላይ ግን አንድ ማሊያ ነው።

ተጨማሪው 30 ደቂቃ ተጀመረ። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ አገባ፤ 3 ለ 2። ታላቁ አቻ አድርጎ ታናሹ አስቀደመ፤ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሁለት ወንድማማች ለአንድ ቡድን ጎል ሲያገቡ ማየት ዛሬም ብርቅ ነው። በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረና ነገሩ አለቀ። መንግሥቱ 3 ጎል ይዞ ከበደዊ ጋር የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢነቱን ተካፈለ፤ በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላ ያገባቸው 10 ጎሎች ለኢትዮጵያ እስካሁን የሚስተካከላቸው የለም።

ቀጥሎ የተፈጠረው ነገር በእግር ኳስ ሰዎች ዘንድ ሲተረክ የኖረ ነው። ከባለሥልጣናቱ መካከል የጣሊያን ስም ያለው ክልስ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ መቀበሉ ያልተዋጠላቸው ነበሩ ይባላል፤ ሌላ ሰው ይውጣ ተባለ፣ ይድነቃቸው እምቢ አሉ። የተረኩ ዝርዝር እንደ ተራኪው ይለያያል። ፎቶግራፉ ግን አይለያይም፦ ጃንሆይ ዋንጫውን የሚሰጡት ለሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ከወረራው 26 ዓመት በኋላ፣ ወራሪው ጦር አስመራን ባጥለቀለቀበት ዓመት የተወለደ ልጅ፣ በስደት ከኖሩት ንጉሥ እጅ የአፍሪካን ዋንጫ ተቀበለ። ይህን ደራሲ ቢጽፈው ተጋነነ እንለው ነበር።

ያ ዋንጫ ዛሬ የት እንዳለ የሚጠይቅ ይኖራል። በመጀመሪያው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት በግብፃዊው አብደል አዚዝ አብደላ ሳሌም ስም የተሰየመው ያ ዋንጫ ሦስት ጊዜ ለሚያሸንፍ አገር በቋሚነት የሚሰጥ ነበር። ጋና በ1978 እ.ኤ.አ. ሦስተኛዋን አሸንፋ ይዛው ቀረች።

አሁን ደቡብ አፍሪካ ትነሳ። የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲጀመር 4 አገሮች ነበሩ ሊወዳደሩ የታሰቡት። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች፤ ከእሷ ጋር የተመደበችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በዚያው በ1957 የታላቋ ብሪታንያ የራግቢ ሊግ ቡድን ከአውስትራሊያ የዓለም ዋንጫ ሲመለስ በደቡብ አፍሪካ ለማሳያ ጨዋታ ቆመ። ቢሊ ቦስተን ግን አልቆመም፤ ቀለሙ አልተፈቀደለትም፣ ብቻውን ወደ ቤቱ ተሸኘ። ካርቱም ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ እግር ኳስ መሪዎች፣ ገና ማኅበራቸውን ባቋቋሙበት ሳምንት፣ ተቀላቅላችሁ ኑ ወይም ቅሩ ብለው በሩን ዘጉ። የሀብታሙ ዓለም ቡድን ምርጥ ተጫዋቹን ትቶ ጨዋታውን ተጫወተ። ይህን የሚያወዳድር ሰው በይድነቃቸውና በባልደረቦቻቸው ሊኮራ ይገባዋል። ከ5 ዓመት በኋላ ክልስ አምበል ዋንጫ አይቀበልም የሚለው ወሬ ቤታችን ውስጥ መነሳቱም አብሮ ይታወስ።

ከ1954 በኋላ ያለው የሉቺያኖ የኳስ ዘመን ቁልቁለትም ዳገትም አለው። በ1963 እ.ኤ.አ. ጋና ላይ ኢትዮጵያ ቱኒዚያን እንደገና 4 ለ 2 ረታች፤ በጋና 2 ለ 0፣ ለሦስተኛነት በተደረገው ጨዋታ በግብፅ 3 ለ 0 ተሸንፋ 4ኛ ወጣች። በ1965 ቱኒዚያ ላይ በአስተናጋጇ 4 ለ 0፣ በሴኔጋል 5 ለ 1። በ1968 ውድድሩ ወደ አዲስ አበባና አስመራ ሲመጣ ምድቧን በሙሉ አሸንፋ ግማሽ ፍጻሜ ገባች፤ በተጨማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተረታች። ኮንጎ ዋንጫውን በላች። በዚያን ጊዜ ሉቺያኖ 32 ዓመት አልፎታል። እስከ 1970ው የሱዳን ውድድር ድረስ ለብሔራዊ ቡድኑ ተጫወተ፤ ኋላም ጣሊያን ኮቨርቺያኖ ላይ የአሰልጣኝነት ትምህርት ተምሮ ብሔራዊ ቡድኑን አሰለጠነ።

የድሬዳዋው ገናና ዘመን ቀድሞ ነው ያበቃው። ከ1966 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ጊዮርጊስ 3 ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። የፋብሪካ ቡድን ድክመት ይህ ነው፦ ሥራ የመስጠት ብልሃቱ ምሥጢር አይደለም። መብራት ኃይልም፣ ባንክም፣ ኢንሹራንስም፣ ሌላውም ሲማረው ተጫዋቹ ወደ ዋና ከተማው ያደላል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎች ተወረሱ፤ ጥጥ ፋብሪካው የመንግሥት ሆነ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ጫፍ ደረሰ፤ ከተማዋ በመድፍ ተደብድባ ተረፈች፤ ባቡሩም ለረዥም ጊዜ ቆመ። በዚያ ዘመን ስም ያለው ሰው ሁሉ ይጠረጠራል፤ የውጭ ስም ያለው ይበልጡን። ሉቺያኖም በ1978 እ.ኤ.አ. አገሩን ጥሎ በጅቡቲ በኩል ወጣና ጣሊያን ገባ። የአባቱ አገር ነው፣ ግን የማያውቀው አገር። ሮም አጠገብ ባሕሩ ዳር፣ ኦስቲያ ላይ፣ ጋራዥ ከፈተ፤ የሰፈሩን ልጆችም ኳስ አስተማረ። መኪናቸውን ለማሠራት የሚመጡት ጣሊያኖች ዘይት በነካው እጁ የሚያነጋግራቸው ሰው የአፍሪካ ሻምፒዮን አምበል እንደነበረ ስንቶቹ ያውቁ ይሆን?

ኢታሎ አገር ቤት ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. አረፈ። ሉቺያኖ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ጣሊያን ውስጥ አረፈ። መንግሥቱ ወርቁ ቀድሟቸው በ2003 ዓ.ም. ሄዷል።

ኢትዮጵያ ከ1982 እ.ኤ.አ. በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆይታ ስትመለስ መድረኩ የት ሆነ? በደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያ ጨዋታዋም ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር፤ በዕለቱ የፍጻሜው 51ኛ ዓመት። በረኛዋ በቀይ ካርድ ወጥቶባት፣ ፍፁም ቅጣት ምት ስታ፣ በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣች። ቀኑን ያስተዋለ ጥቂት ሰው ነው።

ድሬዳዋ ዛሬ ቡድን አላት። ብርቱካናማዎቹ የሚባሉት ድሬዳዋ ከተማዎች በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወታሉ፤ በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲካሄድ ስታዲየሟ ከአስተናጋጆቹ አንዱ ሆኗል። ቡድኑን የሚደግፈው ግን ፋብሪካ አይደለም፤ የከተማው አስተዳደር ነው፤ የሌሎቹም ክለቦች አብዛኞቹ እንደዚሁ በመንግሥት በጀት ይኖራሉ። ተጫዋቹ አሁን ደመወዝተኛ ነው፤ ከሉቺያኖ ዘመን ጋር በማይወዳደር ገንዘብ ይፈርማል፣ በዓመቱ ሌላ ከተማ ይሄዳል። የከዚራ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይዘው የሚከራከሩት በዚህ ነው፦ ገንዘቡ በዛ፣ ልጁ ግን የኛ ነው ወይ? ክርክራቸው ትንሽ ያደላል። ጥጥ ማኅበርም ምርጦቹን ከአስመራ ነበር ያመጣው።

ጥጥ ማኅበር በ1983 እ.ኤ.አ. እንደገና፣ ለ5ኛ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ መቀሌ፣ ወደ ጎንደር ሄዷል። ድሬዳዋ አልተመለሰም።